ስለ ከተማ መስፋትና በዳርቻው ስላለው የእርሻ መሬት አጠባበቅ

ንግድ፥ ትምህርት ቤት፥ ሐኪም ቤትና የመንግሥት ሥራ ባለበት ስፍራ ሰው ይሰበሰባል፤ የተሰበሰበውም ሰው ማደሪያ ይፈልጋል። ስለዚህ ከተማ ሁሉ ሕዝቡ እየበዛ በሄደ መጠን ስፋቱ እየጨመረ ይሄዳል፤ ይህንንም ለማስቆም የሞከረ አገር እምብዛም አልተሳካለትም። ነገር ግን ከተማው በምን ሥርዓት፥ በየትኛው መሬት ላይ፥ በማንስ ኪሣራ ይስፋ የሚለው ነገር በሰው ምክር የሚወሰን ነው። ይህም ምክር ከሁሉ ይልቅ የሚጠበቀው ከየግዛቱ ገዦች፥ ከወረዳ ሹማምንትና ከባለይዞታዎች ስለ ሆነ፥ ጉዳዩን ከሥሩ ጀምሮ በቅደም ተከተል መግለጥ ተገቢ ሆኗል።

ስለ አዲስ አበባ አሰፋፍ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ተራራ ወደ ፍል ውሃ ሜዳ ተወርዶ የተቆረቆረ ከተማ ነው። በመጀመሪያ በአንድ ፕላን አልተሠራም፤ ቤተ መንግሥቱን መካከል አድርገው መኳንንቱ በየተሰጣቸው ጉብታ ላይ ሰፈሩ፥ ሠራዊታቸውና ቤተ ሰባቸውም በዙሪያቸው ጎጆ ቀለሱ። የከተማው ክፍል ሁሉ እስከ ዛሬ ድረስ ሰፈር መባሉ ከዚሁ የመጣ ነው።

ከተማው ከተቆረቆረ ብዙ ዘመን ሳይቈይ በዙሪያው የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቆረጠ አለቀ። ከዚህም የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው በዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ከተማውን በስፍራው ያስቀረው ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ በዙሪያው መተከሉ ነው። ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ፤ ከተማ አስቀድሞ የሚበላው ዳርቻውን ነው፥ ዳርቻው ሲያልቅም ከተማው ራሱ ይቸገራል።

በሕዝብ ቆጠራ እንደ ታወቀው የአዲስ አበባ ሕዝብ በ1976 ዓ.ም. 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ያህል፥ በ1987 ዓ.ም. 2 ሚሊዮን 100 ሺህ ያህል፥ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 2 ሚሊዮን 700 ሺህ ያህል ነበር። ከዚያም ወዲህ ቤቱ ከአስተዳደሩ ወሰን አልፎ ወደ ቡራዩ፥ ወደ ሰበታ፥ ወደ ሱሉልታ፥ ወደ ለገጣፎና ወደ ገላን ተያይዟል። በ2015 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን ከተሞች አዋሕዶ ሸገር ከተማን አቋቁሟል። እንዲህ ያለው ነገር የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም፤ አዳማ፥ ሐዋሳ፥ ባሕር ዳር፥ መቀሌና ሌሎችም ከተሞች በዚሁ መንገድ ላይ ናቸው።

ስለ መሬቱ ልክ

ብዙ ሰው ከተማ በአንድ ኪሎ ሜትር ቢሰፋ ምን ይጐዳል ይላል። ነገሩን በቁጥር ብናየው እንዲህ ነው። ከመካከሉ እስከ ዳርቻው 3 ኪሎ ሜትር የሆነ ክብ ከተማ ስፋቱ 28 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሁሉም አቅጣጫ አንድ ኪሎ ሜትር ቢጨምር 50 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። እንግዲህ ያ አንድ ኪሎ ሜትር የወሰደው 22 ካሬ ኪሎ ሜትር ወይም 2200 ሄክታር ነው፤ አንዱን ጋሻ በ40 ሄክታር ብንቈጥረው 55 ጋሻ መሬት ማለት ነው። ሁለተኛውን ኪሎ ሜትር ሲጨምር ደግሞ የሚወስደው ከ28 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ወይም 70 ጋሻ ያህል ይሆናል። ከተማው በትልቁ መጠን የእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ዋጋ እየከበደ ይሄዳል።

ከተወሰደው 2200 ሄክታር እኩሌታው ብቻ የሚታረስ ነበር እንበል፤ ከአንዱም ሄክታር 15 ኩንታል ይታፈሳል እንበል። በዓመት 16 ሺህ 500 ኩንታል እህል ይቀራል ማለት ነው። ለአንድ ሰው ለዓመት ቀለቡ 2 ኩንታል ብንመድብለት፥ ይህ እህል 8 ሺህ 250 ሰው ይመግብ ነበር። የጠፋውም የአንድ ዓመት እህል ብቻ አይደለም፤ ድንጋይና ሲሚንቶ የተጫነበት አፈር ተመልሶ እርሻ አይሆንምና።

በዚህ ላይ ከተሞቻችን ብዙውን ጊዜ የተቆረቆሩት ውሃና ለም መሬት ባለበት ስፍራ መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በአቃቂና በቢሾፍቱ በኩል ያለው ሜዳ ጥቁር አፈር ነው፤ የአድኣ ጤፍ የታወቀበት አገር ይኸው ነው። ጥቁር አፈር ለጤፍ፥ ለስንዴና ለሽምብራ የተመሰገነ ሲሆን ለቤት ግን ክፉ ነው። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፥ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በላዩ የተሠራው ግድግዳ አብሮት ይነቃል። ብልኅ ግንበኛ አፈሩን ቆፍሮ አውጥቶ በሌላ ይሞላል፤ ይህም ብዙ ገንዘብ ይፈጃል። ድንጋያማው ተዳፋት ባዶ ተቀምጦ ጥቁሩን ሜዳ ለቤት መስጠት እንግዲህ ለገበሬውም ለቤት ሠሪውም ጉዳት ነው።

የውሃም ነገር እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ የሚጠጣው ውሃ ከፊሉ ከገፈርሳ፥ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች ይመጣል። ከግድቦቹ በላይ ባለው መሬት ቤት ሲበዛ ደለልና ቆሻሻ ወደ ግድቡ ይወርዳል። ታላቁና ትንሹ አቃቂም የከተማውን ቆሻሻ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ፤ በዚሁ ውሃ ጐመንና ሰላጣ ይለማል፤ በአትክልቱም ውስጥ ለጤና የማይስማሙ ከባድ ብረቶች መገኘታቸው በምርመራ ታውቋል። ከተማው በዳርቻው ላይ የጣለው ነገር ተመልሶ ወደ ገበታው ይመጣል።

መሬቱ ያለ ሥርዓት የሚያዝበት ምክንያት

በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ባለርስትና ጭሰኛ መባባል ቀረ። በዚያው ዓመት በሐምሌ የወጣው አዋጅ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በ1987 ዓ.ም. የጸናውም ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ደነገገ። እንግዲህ ገበሬው የሚጠቀምበት የይዞታ መብት ነው፤ ሽያጭ በሕግ ተከልክሏል።

ነገር ግን ከተማው ሲቀርብ ወሬ ይቀድመዋል። ሜዳው ለከተማ ሊወሰድ ነው የተባለ እንደ ሆነ፥ ገበሬው የሚሰጠው ካሣ ጥቂት መሆኑን ስለሚያስብ፥ ደላላ ያመጣለትን ገንዘብ ተቀብሎ መሬቱን በመንደር ውል ያስተላልፋል። የገዛውም ሰው ሹም ሳያይ በሌሊት ቤት ያቆማል፤ እንዲህ ያለውን ቤት ሕዝቡ የጨረቃ ቤት ይለዋል። መንገድ፥ የውሃ መውረጃና የትምህርት ቤት ቦታ አይተውለትም፤ እያንዳንዱ የራሱን አጥር ብቻ ያያልና።

በኋላ ሹሙ ሁለት ነገር ይቀርብለታል፤ ወይ ማፍረስ ወይ ማጽደቅ። ቢያፈርስ ልጆች ያሉት ድኃ ሜዳ ላይ ይወድቃል፥ ገንዘቡን የበላው ደላላ ግን አይነካም። ቢያጸድቅ ደግሞ ሌላው ሰው ነገ ይጸድቅልኛል ብሎ ከዚያ ወዲያ ባለው ማሳ ላይ ይሠራል። በአዲስ አበባ በመጀመሪያ እስከ 1988 ዓ.ም. የተያዙት፥ በኋላም እስከ 1997 ዓ.ም. የተያዙት ይዞታዎች ሥርዓት እንዲይዙ መፈቀዱ ለብዙ ቤተ ሰብ ዕረፍት ሰጥቷል፤ ነገር ግን ቀኑ አንድ ጊዜ ከተገፋ ሰው ሁሉ ሁለተኛ ይገፋል ብሎ መጠባበቁ አይቀርም። ሕጋዊው ቦታ በቂ ሆኖ በጊዜው ካልቀረበ፥ ማፍረሱም ማጽደቁም የበሽታውን ምልክት እንጂ ሥሩን አያክመውም።

ስለ ካሣ

የዚህ ሁሉ ነገር መካከለኛው ነጥብ ካሣ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ ካለፉት 5 ዓመታት አማካይ የዓመት ገቢው 10 እጥፍ እንዲከፈለው ደነገገ። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይህን አሻሽሎ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛ የሆነውን የዓመት ገቢ 15 እጥፍ አደረገው። ለቤቱ፥ ለዛፉና ለአጥሩ የሚከፈለው ለብቻው ነው።

15 እጥፍ ሲባል ለጆሮ ብዙ ይመስላል። ሆኖም በእህል እንመንዝረው። ከአንድ ሄክታር በደኅና ዓመት 18 ኩንታል ጤፍ ያፈሰ ገበሬ 15 እጥፉ 270 ኩንታል ነው። አንድ ሄክታር 10 ሺህ ካሬ ሜትር ስለ ሆነ ለአንዱ ካሬ ሜትር የሚደርሰው የ2 ኪሎ ከ700 ግራም ጤፍ ዋጋ ነው። በቀድሞው በ10 እጥፍ ስሌት ደግሞ 1 ኪሎ ከ800 ግራም ብቻ ነበር። ለ200 ካሬ ሜትር የቤት ቦታ ገበሬው ያገኘው 5 ኩንታል ተኩል የማይሞላ ጤፍ ዋጋ ነው ማለት ነው። ያው ቦታ መንገድ ወጥቶለት በሊዝ ጨረታ ሲቀርብ የሚያወጣውን ዋጋ ከዚህ ጋር አስተያይቶ ማየት ለማንም ሹም አያዳግትም።

ገንዘቡም ቢበዛ፥ ሞፈርና ቀንበር የለመደ እጅ ብርን ማስተዳደር ወዲያው አይለምድም። ከመሬቱ ጋር ጭዱ፥ ግጦሹ፥ ኩበቱና ለልጅ የሚተላለፈው ነገር ሁሉ ይሄዳል። ካሣው በጥቂት ዓመት ካለቀ በኋላ ትናንት ባለቤት የነበረው ሰው በቀድሞ ማሳው ላይ በተሠራው ሕንፃ ዘበኛ ወይም የቀን ሠራተኛ ሆኖ መታየቱ በከተማ ዳርቻ የተለመደ ነገር ሆኗል።

ሰው ሳይመከር መሬቱ ይወሰድ እንደ ሆነ የሚመጣውን ጉዳት ያለፉት ዓመታት አስተምረዋል። አዲስ አበባንና በዙሪያው ያለውን የኦሮሚያ ልዩ ዞን የሚያጣምር ማስተር ፕላን መታሰቡ በተሰማ ጊዜ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ብዙ ተማሪዎች ተቃውሞ አነሡ፤ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ተቃውሞው እንደ ገና ተነሥቶ ገበሬውንም ጨምሮ በብዙ ስፍራ ተሰማ። የብዙ ሰው ሕይወት ካለፈ በኋላ ፕላኑ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። በወረቀት ላይ የተሣለ መስመር በመሬት ላይ የሰው ቤት፥ የሰው መቃብርና የሰው እንጀራ መሆኑን የዘነጋ ሁሉ ይህን ያስብ።

የሌሎች አገሮች ልማድ

እንግሊዞች በፈረንጆች አቈጣጠር በ1938 ዓመት በለንደን ዙሪያ ያለው መስክና ደን ቤት ሳይሠራበት እንዲጠበቅ ሕግ አወጡ። በ1944 ዓመት ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ የተባሉት የከተማ ፕላን ዐዋቂ ይህን አረንጓዴ መቀነት የሚያጸና ፕላን አዘጋጁ፤ እኒሁ ሰው በኋላ በ1948 ዓ.ም. ለአዲስ አበባም ፕላን ሠርተዋል። የለንደን መስክ በዚህ ተጠብቋል፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ቤት ዋጋ ተወደደ፥ ብዙ ሰውም ከመቀነቱ ባሻገር እየኖረ በየማለዳው ወደ ከተማው መመላለስ ግድ ሆነበት። የኮሪያ ዋና ከተማ ሴኡልም በፈረንጆች 1971 ዓመት እንዲህ ያለ መቀነት አድርጋ ተመሳሳይ ነገር አገኛት። እንግዲህ ማጠር ብቻውን አይበቃም፤ በአጥሩ ውስጥ በቂ ቦታ መዘጋጀት አለበት።

በአሜሪካ የኦሬጎን ግዛት ይህን ተረድቶ በ1973 ዓመት ባወጣው ሕግ ከተሞች ሁሉ የመስፊያ ወሰን እንዲኖራቸው አዘዘ፤ ዳሩ ግን ወሰኑ ለሚመጡት 20 ዓመታት የሚበቃ የቤት ቦታ እንዲይዝና በየጊዜው እንዲመረመር አደረገ።

በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከ1902 ዓመት፥ በሕንድ አገር በቦምቤ ግዛት ከ1915 ዓመት፥ በጃፓንም ከ1919 ዓመት ጀምሮ የተደነገገ ሌላ ብልኀት አለ። የጎረቤታሞች መሬት በአንድነት ይደባለቃል፤ ከዚያ ውስጥ ለመንገድ፥ ለትምህርት ቤትና ለገበያ የሚሆነው ይቀነሳል፤ የቀረው ቀጥ ባለ ቅርጽ ተሸንሽኖ ለየባለቤቱ ይመለሳል። አንድ ሄክታር የሰጠ ሰው 6 ሺህ ካሬ ሜትር ቢመለስለት ስፋቱ አንሷል፤ ነገር ግን መንገድና ውሃ ስለ ገባለት ዋጋው ከቀድሞው ይበልጣል። በዚህም ባለመሬቱ ከከተማው ትርፍ ተካፋይ ይሆናል እንጂ ተባራሪ አይሆንም። በእኛ አገር መሬት የማይሸጥ ስለ ሆነ ነገሩ እንዳለ አይገለበጥም፤ ነገር ግን ለገበሬውና ለደረሱ ልጆቹ በዚያው ስፍራ የተሸነሸነ ቦታ የማስቀረቱ ሐሳብ ለሕጋችን እንግዳ አይደለም።

በአገራችንም ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በአዳማ፥ በባሕር ዳር፥ በሐዋሳና በመቀሌ ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ዐዋቂዎች ጋር አንድ ሥራ ተጀምሯል። ከተማው በሚመጡት 30 ዓመታት የሚደርስበት ስፍራ አስቀድሞ ይገመታል፤ ቤት ሳይደርስበትም የዋና ዋና መንገዶች መሬት ይለያል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ስፋቱ 30 ሜትር የሆነ መንገድ በየአንድ ኪሎ ሜትሩ ቢከለል ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚወስደው 6 ሄክታር ብቻ ነው። ቤት ከተሠራ በኋላ ያንኑ መንገድ ለማውጣት ግን ስንት ቤት መፍረስ እንዳለበት አዲስ አበባ በየጊዜው አይቶታል።

ለሹማምንትና ለባለይዞታዎች የሚሆን ምክር

ከዚህ በላይ ከተገለጠው የሚከተለው ሥራ ይወጣል።

1ኛ፤ መሬቱን በደረጃው መለየት። በከተማው ዙሪያ ያለው ጥቁር አፈር፥ የመስኖ ስፍራ፥ የግድብ መመገቢያና የወንዝ ዳር አስቀድሞ ይመዝገብ፤ ድንጋያማውና ውሃ የማይተኛበት ተዳፋት ለቤት ይታጭ። ይህን ለመለየት የወረዳው የእርሻ ባለሙያና የአገሩ ሽማግሌ አብረው ቢሄዱ ብዙ ወጪ አያስፈልገውም።

2ኛ፤ የዋና መንገድን መሬት ከቤቱ በፊት መከለል። ችካልና የድንበር ድንጋይ ይተከል፤ እስኪሠራ ድረስም ገበሬው እያረሰ ይጠቀምበት፤ ቋሚ ቤት ብቻ አይቁምበት።

3ኛ፤ በውስጥ ያለውን ባዶ ቦታ ሳይጨርሱ ወደ ውጭ አለመውጣት። ለ1000 ቤተ ሰብ በነፍስ ወከፍ ግቢ 500 ካሬ ሜትር ቢሰጥ 50 ሄክታር ይፈጃል፤ 150 ካሬ ሜትር ቢሆን 15 ሄክታር ይበቃል። የ35 ሄክታሩ ልዩነት አንድ ጋሻ ሊሞላ ጥቂት የቀረው እርሻ ነው። በሊዝ ተወስዶ ሣር የበቀለበት ቦታም በውሉ መሠረት እንዲሠራ ወይም እንዲመለስ ይደረግ።

4ኛ፤ ይዞታን በመዝገብ ማጽናት። በ1990 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረውና በኋላ በሌሎች ክልሎች የተስፋፋው የገጠር ይዞታ ደብተር ለከተማ ዳርቻ ገበሬ ከማንም ይልቅ ያስፈልገዋል። ይዞታው በመዝገብ የታወቀ ሰው ካሣውን ይከራከራል፤ ያልታወቀው ግን ለደላላ ይሸጣል።

5ኛ፤ መምከርና አስቀድሞ መክፈል። ገበሬው ስንት ዓመት እንደ ቀረው፥ ምን እንደሚሰጠውና ወዴት እንደሚሄድ በግልጥ ይነገረው። ካሣው መሬቱ ሳይወሰድ በእጁ ይግባ። ከገንዘቡም ጋር የወተት ከብት እርባታ፥ የዶሮ፥ የአትክልት ወይም የሱቅ ሥራ ይመቻችለት፤ ከተማ ወተትና ዕንቍላል ይገዛልና፥ የቀረበው ገበያ ለእርሱም መተዳደሪያ ይሁነው።

6ኛ፤ በመንደር ውል ላይ ከሥሩ መጠንቀቅ። ከፈረሰው ጎጆ ባለቤት በፊት ደላላውና ከእርሱ ጋር የተካፈለው ሠራተኛ ይጠየቅ። ባለይዞታዎችም በችኮላ የተሸጠ መሬት ለልጅ ልጅ የማይመለስ መሆኑን ያስቡ።

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፥ የከተማ ዳርቻ ነገር በሥሩ ሲያዝ ቀላል ነው። ችካል መትከልና መዝገብ መጻፍ ጥቂት ቀን ይወስዳል፤ ያልተተከለ ችካል ያመጣውን ጠብና ፍርስራሽ ግን የሰው ዕድሜ አይበቃውም። እንግዲህ እያንዳንዱ የወረዳ ሹም የዘንድሮው በጋ ሳያልፍ፥ በከተማው ጫፍ ያለውን የመጨረሻውን ቤትና ከዚያ ቀጥሎ ያለውን የመጀመሪያውን ማሳ በእግሩ ሄዶ ቢመለከት፥ የማሳውንም ባለቤት ጠርቶ ቢያነጋግር፥ የሥራው መጀመሪያ ይህ ነው።